ስለ ክሩ የጻፍነው ደብዳቤ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4
ጓንት ፋብሪካው ውስጥ ዛሬም ትርጉም። የጓንት ቁጥር፣ የቆዳ ዓይነት፣ የካርቶን ብዛት... የምሥራቅ እስያ ጥናት ማስተርሴ ለዚህ ነበር? ታላቅ እህቴ ደውላ፣ «ዲግሪሽ ለወጉ ነው ወይስ ሥራም ያውቃል?» አለችኝ። ሳቅሁ። ከነከነኝ ግን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7
ጉድ ፈላ! ጃፓኖቹ ገዢዎቻችን የላክንላቸውን ጓንት መለሱ። ስፌቱ ይተረተራል። ምክንያቱን በጽሑፍ እስክናስረዳ ትእዛዙን አቁመዋል። ከቀረ ስፌት ክፍሉ ይዘጋል... ስልሳ ሰው!
ሥራ አስኪያጁ፣ «መርከብ ላይ እርጥበት ነካው ብለሽ ጻፊ» አለኝ። የምን እርጥበት? ክሩን በርካሽ የቀየርነው እኛው!

ዓርብ፣ ጥቅምት 8
አልጻፍኩም። ገብቼ፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይሄ ደብዳቤ ያጠፋናል» አልኩት።
«አንቺ አስተርጓሚ ነሽ። የተባልሽውን ጻፊ!»
ደሜ ፈላ። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኔ እስኪጠፋ ያነበብኩት የጃፓን ፋብሪካዎችን የጥፋት መዝገብ ነው እኮ! መመረቂያ ጽሑፌ ራሱ። ለምን ተበላሸ? ምን ተስተካከለ? የሚፈልጉት ይህን ነው። ሰበብ ከሰጠናቸው አለቀልን። ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት።
«ካልሠራስ?»
«ያባርሩኝ!»
ምን ነካኝ? ከአፌ አመለጠ...

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9
ሥራ አስኪያጁ «እስቲ ጻፊውና አየዋለሁ» ስላለ ከስፌት ክፍል አለቃዋ ጋር ስንጽፍ ዋልን። ክሩ መቼ እንደተቀየረ፣ ለምን ሳይፈተሽ እንዳለፈ፣ አሁን ማን እንደሚፈትሸው። የተተረተረችዋን ጓንት አገላብጣ አይታ፣ «የኔ ልጅ፣ መርፌውም ወፍራም ነበር። እሱንም ጻፊው» አለችኝ። እኔ የት አውቄው! ሰባት ገጽ ወጣው። ሥራ አስኪያጁ እያጉረመረመ ፈረመ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21
መልስ የለም። ሥራ አስኪያጁ ሰላምታዬንም አይመልስም። «እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር» ይላሉ... መሸብኝ መሰለኝ። በስፌት ክፍል በኩል ማለፍ ፈራሁ። ዓይናቸውን እንዴት ልየው?

ሰኞ፣ ኅዳር 2
መጣ! ስለ መርፌው አንድ ነገር ብቻ ጠይቀው ትእዛዙን ለቀቁት። ስፌት ክፍል በእልልታ ተናጋ። አለቃዋ አንገቴን አንቃ ሳመችኝ፣ «ተባረኪ! የተማረ ይግደለኝ!» እያለች። ኮራሁ። ከማን ልደብቀው? አፌን ሞልቼ፣ «ተምሬያለሁ» እላለሁ።
ከሰዓት ሥራ አስኪያጁ ራሱ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣ። ሌሎቹ ገዢዎቻችን፣ ኮሪያዎቹ፣ ቅሬታ ጽፈዋል። ልተረጉምለት እስክሪብቶ አነሳሁ።
«ቆይ፣ ትርጉሙ ይደርሳል» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ለመሆኑ... የቱ ጋ አጥፍተን ይሆን?»
ወንበር ሳብኩለት።