በቀን ስልሳ ደቂቃ ስለሚከፈተው የእሳት በር

ለክቡር የሕንፃ አስተዳደር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቢሮዎ ምድር ቤት፣ ከዋናው መግቢያ ሁለት እርምጃ ላይ የሚገኝ በመሆኑ በመልካም ጤንነት ላይ እንዳሉ አልጠራጠርም፤ ይኸው ደኅንነትዎ እንዳይጓደልብዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ በሕንፃዎ ሦስተኛ ፎቅ፣ መዝገብ ቤት የምትሠራው ሠራተኛ ባለቤት ስሆን በሙያዬ የአሉሚኒየም በርና መስኮት ገጣሚ ነኝ። በግልጽ ደብዳቤ መጻፌም ለውለታዎ የማቀርበውን ምስጋና ሰው ሁሉ እንዲሰማልኝ ብዬ ነው።

፩. በቅድሚያ በሦስተኛው ፎቅ የአደጋ ጊዜ መውጫ ላይ ስላስገጠሙት የእሳት በር አመራረጥ አመሰግናለሁ። ተራ አሉሚኒየም እሳት ፊት እንደ ቅቤ ስለሚቀልጥ፣ የእሳት በር ክፈፉ ሙቀት በሚከላከል ነገር የተሞላ፣ መስታወቱም እሳት የሚችል መሆን አለበት፤ እርስዎም ይህንኑ አስመጥተዋል። እዚህ ላይ እያሾፍኩ አይደለም። ሥራዬ ነውና በሩን ዳብሼ አይቼዋለሁ፤ እንከን አላገኘሁበትም።

፪. ቀጥሎ ስለ አገጣጠሙ። በጠርዙ ዙሪያ የተለጠፈው፣ ሙቀት ሲነካው አብጦ ጭስ እንዳያልፍ ክፍተቱን የሚደፍነው ጥቁር ጥብጣብ የማሸጊያ ትራፊ መስሎ ስለታየዎ የጽዳት ሠራተኛዋ በቢላ ፍቃ እንድታነሳው አዘዙ። ለንጽሕና ያለዎትን ፍቅር አደንቃለሁ፤ ሴትዮዋን ግን እስከ ዛሬ አውራ ጣቷን ያማታል። ሰው በደረቱ ገፍቶ የሚወጣበትን አግዳሚ ብረትም፣ ሠራተኛው ያለ ፈቃድ እንዳይወጣበት በማሰብ አስነቅለው በምትኩ ቁልፍ አስገጥመዋል። መክፈቻውም ምድር ቤት ባለው ጥበቃ ኪስ እንዲቀመጥ ተደርጓል።

፫. ከሁሉ የበለጠ እጄን በአፌ ያስጫነኝ ግን የንባብ ችሎታዎ ነው። በበሩ ላይ «60 ደቂቃ» የሚል ምልክት አለ። እኛ መሃይማን ገጣሚዎች በሩ እሳትን ለስልሳ ደቂቃ ይገታል ማለት ነው ብለን እናምን ነበር። እርስዎ ግን በሩ በቀን ለስልሳ ደቂቃ ብቻ ክፍት እንዲሆን የፋብሪካው ትእዛዝ መሆኑን ደርሰውበት፣ ከስድስት እስከ ሰባት ሰዓት እንደሚከፈት የሚገልጽ ማስታወቂያ በማኅተም አስለጥፈዋል።

ባለፈው ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ በዚያው ፎቅ በዋናው ደረጃ አጠገብ ያለው የፎቶ ኮፒ ማሽን ተቃጠለ። እሳቱ ማስታወቂያዎን አላነበበም መሰለኝ፣ ሰዓቱን አልጠበቀም። ባለቤቴና ሁለት የሥራ ባልደረቦቿ ወደ በሩ ሮጡ። ጥበቃው ምንም እንኳ ጩኸታቸውን ሰምቶ ከምድር ቤት እስከ በሩ ማዶ ድረስ ቢመጣም፣ ሰዓቱ ስላልደረሰ ያለ እርስዎ ፊርማ መክፈት እንደማይችል በትሕትና ገለጸላቸው፤ እርስዎም ስብሰባ ላይ ነበሩ። እኔም ስልክ ተደውሎልኝ እየሮጥኩ መጣሁ። በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ፊርማው ተገኝቶ በሩ ተከፈተ። ባለቤቴ እስከ አሁን ትሳላለች፣ ሌሊትም ደንግጣ ትነሳለች። እኔም ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፤ ይህንን ለማስጌጥ ሌላ ቃል አላገኘሁለትም።

ባለቤቴ ሰኞ ሥራ ትገባለች። ስለዚህ እስከዚያ ድረስ ቁልፉ ወልቆ አግዳሚው ብረት እንዲመለስ፣ ማስታወቂያውም እንዲነሳ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ባለሙያ የለም የሚባል ከሆነ መፍቻዬን ይዤ እመጣለሁ፤ ሥራው ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ለሰው ሕይወት ካለዎት ጥንቃቄ የተነሳ ቆልፈው ላኖሩን ለእርስዎ፣ ከማይነጥፍ አክብሮት ጋር፣

ከደጅ የቆመው ገጣሚ

ማስታወሻ፦ የበሩን ቀለም ከውስጥ በኩል ማን እንደጫረው የሚያጣራ ኮሚቴ ማቋቋምዎን ሰምቻለሁ። ኮሚቴው እንዳይደክም ልንገርዎ፤ ጭረቱ የባለቤቴ የጋብቻ ቀለበት ነው፣ በሩን ስትደበድብ የነካው። ቀለበቱን ያሰርኩላት እኔ ነኝና ቅጣቱ ወደ እኔ ይላክ።