በታሪክሽ ላይ የጨመርኩት ገጽ

አስኩ የኔ እመቤት፣

ከተለየሽን አሥራ አንድ ወር ከስድስት ቀን ሆነ። መቁጠር እንደማልተው ታውቂያለሽ። ሙት ዓመትሽ ስለቀረበ ልጃችን ትዕግሥት በየሳምንቱ ከአዳማ እየመጣች ቤቱን ታሰናዳለች። የጓሮውን አጥር አሳድሼዋለሁ። የሳሎኑ ጥግ ላይ ያፈስ የነበረው ቆርቆሮም ተቀይሯል፤ አንቺ አራት ክረምት የነገርሽኝን በአንድ ከሰዓት አስጨርሼ አፈርኩ። ጭላሎ ዘንድሮ ጉም አልለቀቀውም፤ ብርዱ ጉልበቴን ይዞኛል። ያንቺ ክፍል እንደነበረ ነው። ጠረጴዛዬን ብቻ አስገብቼበታለሁ፤ አሁንም ከአልጋሽ አጠገብ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ቤቱ ብዬ አይደለም። ያንቺን ታሪክ በስሜ ለውድድር ልኬው ነበር፤ ተመረጠም። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ያለ ቅደም ተከተል አይሆንልኝም።

ከመምህርነቱ ጡረታ ወጥቼ አጭር ልቦለድ መጻፍ ስጀምር የማነብልሽ ላንቺ ነበር። ሽንኩርት እየላጥሽ ትሰሚኛለሽ። ሦስቱን ለውድድር ላክኋቸው፤ ሦስቱም ወደቁ። መጀመሪያ ጊዜ ስሜን ከዝርዝሩ ሳጣ ተሳስተው ይሆናል ብዬ ደጋግሜ ሳነብ፣ "ስትፈትን ኖረህ ተፈታኝ መሆን ከበደህ አይደል?" ብለሽ ሳቅሽብኝ። በሦስተኛው ከዳኞቹ አጭር አስተያየት መጣልኝ፤ ቋንቋው ንጹሕ ነው፣ ሰዎቹ ግን አይተነፍሱም የሚል። ሁለት ቀን አኮረፍኩ። አንቺ ደግሞ "እውነታቸውን ነው፤ ሰዎችህ ሁሉ የጠዋት ሰልፍ ላይ የቆሙ ይመስላሉ" አልሽኝ።

ከዚያ ታመምሽ። አልጋ ላይ ሆነሽም ማድመጡን አልተውሽም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አዲስ የጀመርኩትን ሁለት ገጽ እንኳ ሳልጨርስልሽ እጅሽን አነሳሽ። "ተወው ይሄን። እስክሪብቶ ያዝና እኔ ልንገርህ" አልሽኝ። ደብተሬን ገለጥኩ። አንቺ ስትናገሪ እኔ የቃል ጽሕፈት እንደሚወስድ ተማሪ ጻፍኩ። ከራሴ አንድ ቃል ሳስገባ መልሼ ሳነብልሽ ሰምተሽ "እሱን እኔ አላልኩም" ትይ ነበር።

የነገርሽኝ ሳንጋባ በፊት፣ ኢተያ ጤና ረዳት ሳለሽ ያየሽውን ነው። አንድ ገበሬ ጎህ ሲቀድ በእጅሽ ላይ ያርፋል። የዚያኑ ቀን ጠዋት ኮምባይነሩ ስንዴያቸውን የሚያጭድበት ተራቸው ነው። ሰማዩ ጠቁሯል። ሞቱ ከተሰማ አገሩ ሁሉ ሥራ ያቆማል፣ ኮምባይነሩ ወደ ሌላ ቀበሌ ያልፋል፣ የዓመት እህላቸው ማሳ ላይ ዝናብ ይመታዋል። ሚስትየው እጅሽን ጨብጣ "እስኪያጭዱልኝ ድረስ ታሟል በይልኝ" አለችሽ። አንቺም ከሞተ ሰው ጎን ተቀምጠሽ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሕመምተኛ ስታስታምሚ ዋልሽ። "ተሻለው ወይ?" ለሚል ጎረቤት "ተኝቷል" እያልሽ መለስሽ። እሷ ለሠራተኞቹ ምሳ አቀረበች። ሹፌሩ "እትዬ፣ ባልሽ የታለ? ምሳ እንዳንበላበት ተደበቀ እንዴ?" ብሎ ሲቀልድ አብራቸው ሳቀች። በመጨረሻ ኮምባይነሩ ከኮረብታው ጀርባ ተሰወረ፣ አቧራውም ረጋ። ሴትዮዋ ደጃፏ ላይ ቆማ ነጠላዋን አዘቀዘቀች።

እዚህ ላይ ዝም አልሽ። "ከዚያስ?" አልኩሽ። ፊትሽን ወደ ግድግዳው አዞርሽ። ደክሞሽ ነው ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩን አላነሳሽውም፤ በሦስተኛው ሳምንት አንቺም አረፍሽ።

አርባሽ ካለፈ በኋላ ደብተሩን አወጣሁት። ታሪኩ ያላለቀ መሰለኝና አንድ ገጽ ጨመርኩበት። ሽማግሌዎች ይመጣሉ፣ ሴትዮዋን ይወቅሷታል፣ አንደኛው ተነሥቶ ስለ ሥራ ክቡርነት ይናገራል፣ ከዚያ ይቅር ይሏታል። አሳምሬ የቋጨሁት መስሎኝ ነበር። ትዕግሥት በኮምፒውተር ጻፈችው፤ ከላይ ስሜን አስገባች፤ እኔም አይቼ ይሁን አልኩ። ያን ጊዜ ምንም አልቆረቆረኝም። አሁን ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ ይኸ ነው።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ ተደውሎ "ድርሰትዎ ተመርጧል፤ በመድበሉ ውስጥ ይታተማል" ተባልኩ። ደስታዬን አልደብቅሽም። ነጭ ሸሚዜን ለብሼ ያለ ምንም ጉዳይ ከተማ ወጣሁ። ባለሱቁ ጋሽ ሁሴን ሰምቶ ኖሮ "ቲቸር፣ እንግዲህ እኛን ሰላም ማለትም ሊቀር ነዋ!" አለኝ። እየሳቅሁ ወደ ቤት አመራሁ። ቤት ስደርስ የምነግርሽ መስሎኝ ነበር።

በሳምንቱ አርታኢዋ ራሷ ደወለች፤ ትሑት ልጅ ናት። "ጋሼ፣ ሳነበው አልቅሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርዎ፤ የመጨረሻውን ገጽ እናውጣው። ነጠላዋን ስታዘቀዝቅ እኮ አልቋል" አለችኝ። ስልኩን እንደያዝኩ አልጋሽን አየሁት። አስኩ፣ ደክሞሽ አልነበረም። ጨርሰሽ ነበር። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ አልሰማሁሽም።

ቀይና ሰማያዊ እርሳስ አውጥቼ ያንቺን በቀይ፣ የእኔን በሰማያዊ አሰመርኩ። ሰማያዊው የመጨረሻው ገጽ ላይ ተከማችቷል፤ ከዚያ በፊት እዚህም እዚያም አንዳንድ ቃል ነው። ያ ገጽ ሲወጣ ለእኔ ምን ይተርፈኛል? የሚፈረመው ቅጽ ደግሞ "ይህ ድርሰት ሙሉ በሙሉ የራሴ የፈጠራ ሥራ ነው" ይላል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ ሲኮርጁ የያዝኳቸውን ልጆች ወረቀት ስቀማ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዳንዶቹ ሲያለቅሱ እንኳ አላዘንኩላቸውም።

እውነቱን ለአርታኢዋ ነገርኳት። "ጋሼ፣ የትኛው ደራሲ ነው ከቤቱ ሰው ሳይሰማ የጻፈ? መታሰቢያነቱ ለባለቤቴ ብለን እናስገባዋለን" አለች። በደራሲነት ስሟ ይግባ አልኳት። ውድድሩ ድርሰቱን ለላከው ሰው ነው፣ ደንቡ አይፈቅድም፤ እስከ ዓርብ ካልፈረምኩ ቦታው ለተጠባባቂ ይሰጣል አለችኝ።

ትዕግሥት ስትሰማ ተቆጣች። "አባዬ፣ እማዬ እኮ ጻፈው ብላ ነው የነገረችህ። ካልፈረምክ ማን ያነበዋል? አንተ ንጹሕ እንድትባል የእሷ ታሪክ ደብተር ውስጥ ይቀበር?" አለችኝ። ምናልባት እውነቷን ነው። አንቺም ብትኖሪ "አቦ ፈርምና ሻይህን ጠጣ" ትይኝ ይሆናል። ግን ልጠይቅሽ አልችልም። ሳልጠይቅሽ የእኔ ነው ብዬ መፈረም ደግሞ እጄ እምቢ አለኝ።

ዓርብ ጠዋት ቅጹን ሞላሁ። የደራሲ ስም በሚለው ላይ አስካለ ደምሴ ብዬ ጻፍኩ፤ ከግርጌው "ስትናገር የጻፈው ባለቤቷ" ብዬ ፈረምኩ። ሰኞ መልሱ መጣ፤ በጣም እናዝናለን ይላል። መድበሉ ያለ ታሪክሽ ይወጣል።

ልክ ሠራሁ ብዬ አልኮራም። በዚህ ዕድሜ ሌላ ዕድል ላይመጣ ይችላል፤ ላንቺ ታሪክም እንደዚያው። ከራሴው ይልቅ ያንቺው መቅረቱ ያንገበግበኛል። ትናንት የራሴን አንድ ገጽ ጀመርኩ። ሰዎቼ አሁንም ሰልፍ ላይ ናቸው፤ ግን አልተውኩትም።

ከትዕግሥት ጋር አንድ ነገር ላይ ተስማምተናል። በሙት ዓመትሽ ሰው ሲሰበሰብ ታሪኩን ቆማ ታነባለች፤ በመጀመሪያ ስምሽን ትጠራለች። የኢተያ ዘመዶችሽም ይመጣሉ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። በሕይወት እስካለሁ ድረስም የማን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ያንቺ ነው እላለሁ። ያን ቀን ግን ትዕግሥት አንብባ ዝም ስትል፣ ከድንኳኑ ውስጥ አንድ ሰው "ከዚያስ?" ብሎ ወደ እኔ ቢዞር፣ አንዲትም ቃል እንደማልጨምር ቃሌ ነው።