ለልባቸው ሲባል ስለተቃጠለው የወይዘሮ ማሚቱ እግር

ለተከበሩ አቶ ሸዋንዳኝ
የ«ጤናማ ልብ» ግብረ ኃይል ሰብሳቢ
አርባ ምንጭ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የልብዎ ምት የተስተካከለ፣ የደም ግፊትዎ ልከኛ፣ እንቅልፍዎም ያልተቆራረጠ እንዲሆን እመኛለሁ፤ ይህ የመጨረሻው ካለፈው ቅዳሜ ወዲህ በሲቀላ ገበያ ዙሪያ ለምንኖር ሰዎች ብርቅ ስለሆነብን፣ በእርስዎ ዘንድ እንኳ ተትረፍርፎ ቢገኝ ደስ ይለኛል።

የሕዝብ ጤና መምህርት እንደመሆኔ ከዓላማዎ ጋር ጠብ የለኝም። የሚረጋ ዘይት የደም ሥርን እንደሚጎዳ፣ ጨው ሲበዛ የደም ግፊትን እንደሚያባብስ፣ የልብ ሕመምም ሰውን በጉልምስናው እንደሚቀጥፍ ለዓመታት አስተምሬአለሁ። ስለሆነም ግብረ ኃይልዎ በዚህ ዘይት የተጠበሰ ምግብ ከገበያ እንዲወገድ ሲወስን ካጨበጨቡት አንዷ ነበርሁ። ያጨበጨብሁት ግን ለውሳኔው እንጂ ለቆመጡ አልነበረምና፣ ቅሬታዎቼን በታላቅ አክብሮት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ወይዘሮ ማሚቱን በተመለከተ፦ ወይዘሮ ማሚቱ በሲቀላ ገበያ ዓሣ እየጠበሱ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሴት ናቸው። ደንብ አስከባሪዎችዎ ከመኪና ወርደው ሲከቧቸው፣ ዘይቱ እስኪቀዘቅዝ ብቻ እንዲታገሷቸው ለመኑ። ከመካከላቸው አንዱ እግሩን ሲያነሣ «ተው የኔ ልጅ፣ ፈልቷል፤ እግርህን ያቃጥልሃል!» ብለው ጮኹለት። እርሱም «እማማ፣ ለልብዎ ብለን እኮ ነው!» እያለ መጥበሻውን በጫማው ገለበጠው። የፈላው ዘይት ከጉልበታቸው በታች ወረደባቸው፤ ካልሲያቸው ሲወልቅ ቆዳቸው አብሮ ተገፈፈ። ሊያነሣቸው የሮጠው፣ ዓሣ የሚበልትላቸው አበበ በቆመጥ ግንባሩን ተፈንክቶ፣ ባዘጋጀው ዓሣ ላይ በደረቱ ተደፋ። የወይዘሮ ማሚቱ ልብ ግን፣ ለሪፖርትዎ እንዲመችዎ ልግለጽና፣ ያለ እንከን ይመታል፤ ከሥቃዩ ብዛት የተነሣ እንዲያውም ከወትሮው ይፈጥናል።

፪. የዘይቱን ምንጭ በተመለከተ፦ የፈሰሰው ዘይት የተገዛው ከዚያው ገበያ ማዶ ካለው የጅምላ መጋዘን ነው። በዚያች ዕለት በመጋዘኑ በር ላይ ሁለት ደንብ አስከባሪዎችዎ ቆመው ነበር፤ ሊያሽጉት መስሎኝ ተደስቼ ጠጋ ብል፣ ግርግሩ ንብረቱን እንዳይጎዳው እየጠበቁ መሆናቸውን በትሕትና አስረዱኝ። የተማርሁት ትምህርት መከላከል ከምንጩ ይጀምራል ይላል፤ ወደ አገር በሚገባው ዘይት፣ በፋብሪካው ድብልቅ፣ በዳቦ ቤቱ ጨው፣ በማሸጊያው ላይ በሚጻፈው እውነት። እነዚህ ሁሉ የሚቃጠል እግር ስለሌላቸው ለዘመቻ እንደማይመቹ እረዳለሁ።

፫. ዘመቻው በላይኛው ከተማ በሴቻ በተበሰረበት ዕለት ስለቀረበልን በቅቤ የራሰ ክትፎ ምንም አልልም። ጥሩ ነበር።

፬. ሣሩን በተመለከተ፦ አበበ ሲወድቅ የገበያው ወጣቶች ድንጋይና የዓሣ ቢላ ይዘው ደንብ አስከባሪዎችዎን ከመኪናው ጋር እንዳጣበቋቸው፣ እርስዎም ከውስጥ መስኮቱን ዘግተው እንደተቀመጡ አይዘነጉትም። የመጀመሪያው ድንጋይ መስተዋቱን ሲሰብረው «አውርዱት! እሱንም እንጥበሰው!» የሚል ጩኸት በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የጮኹትም የሚቀልዱ አይመስሉም ነበር። በዚያ ቅጽበት አቶ ጢሞቴዎስና ሌሎች የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ ዘይትና ደም በተቀላቀለበት መሬት ላይ፣ በወጣቶቹና በእርስዎ መካከል ተንበረከኩ። ወላጆቼ እንደ እርስዎ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚህ ስላደግሁ፣ እርጥብ ሣር ይዞ የተንበረከከን አባት አልፎ መምታት እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ አውቃለሁ። ወጣቶቹም ያውቃሉ። ድንጋዩ ከእጅ ወደቀ፤ ቢላው ዝቅ አለ፤ መኪናዎም ወደ ሴቻ ወጣ።

በማግሥቱ የእነዚያን አባቶች ፎቶግራፍ በግብረ ኃይልዎ የፌስቡክ ገጽ ላይ አየሁት። ከሥሩ የሰፈረው ጽሑፍ «የአገር ሽማግሌዎች አረንጓዴ አትክልት ይዘው በመንበርከክ ለጤናማ አመጋገብ ዘመቻው ያላቸውን ድጋፍ ገለጹ» ይላል። የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ አነበብሁት። ክቡርነትዎ ሕይወትዎን ያተረፈውን ልመና ሰላጣ አድርገውታል።

ሣሩ ሁለቱንም ወገን ያስራል። ወጣቶቹ ጠብቀውታል። እርስዎ ግን ዘመቻው በመጪው ቅዳሜ ወደ አውቶቡስ መናኸሪያ እንደሚዞር አስታውቀዋል፤ ከገበያው ሸሽታ አሁን በዚያ የምትጠብሰው ደግሞ እናቷ ሆስፒታል ስለተኙ መጥበሻውን የተረከበችው የወይዘሮ ማሚቱ ልጅ ሰብለ ናት። አበበ ግንባሩ እንደተሰፋ አጠገቧ ለመቆም ወስኗል፤ ብቻውንም አይሆንም። አቶ ጢሞቴዎስን ዳግመኛ በመካከል ይገቡ እንደሆነ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ የተናቀ ሣር ማንን ያስቆማል?» አሉኝ። ይህን እንደ ዛቻ እንዳይወስዱብኝ እማጸናለሁ፤ ሊደርስ የሚችልን ሞት አስቀድሞ ማመልከት የሙያዬ ግዴታ ነው፤ በዚህኛው ሞት ውስጥ ደግሞ የዘይቱ ዓይነት ምንም ድርሻ አይኖረውም።

ስለሆነም የቅዳሜው ዘመቻ እንዲሰረዝ፣ ጥበቃውም ከመጋዘኑ በር ተነሥቶ ቁጥጥሩ ከዚያው በር እንዲጀምር በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለልባችን ያለዎት ፍቅር እግራችንንም ይምር ዘንድ እየተመኘሁ፣ እንደ ወይዘሮ ማሚቱ ዘይት ገና ባልቀዘቀዘ አክብሮት፣

ጸዳለ ፈቃደ
ከሲቀላ

ማስታወሻ፦ በፎቶግራፉ የሚታየው ሣር ነው፤ አይበላም። በቢሮዎ ግቢ፣ ባለጉዳይ ስለማይረግጠው፣ ጥሩ አድርጎ በቅሏል። ከቅዳሜ በፊት በገዛ እጅዎ ጥቂት ይንቀሉና በወይዘሮ ማሚቱ አልጋ ሥር ይንበርከኩ። ፎቶግራፍ አንሺ አያስፈልግም።