እናቴን ፎቅ ላይ ላስቀረልን ጥበቃ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የጥንታዊ ቤቶች ክብር ማስጠበቂያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ዲላ

ክቡርነትዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ በተለይም ከቢሮዎ ወደ መንገድ የሚያወርድዎ ደረጃ ደኅና ነው? የበልጉ ዝናብ ጣሪያዎን አልፎ እንዳይነካዎ እመኛለሁ፤ የእኛን ግን አልፎታልና ስለዚያ ጥቂት እንዳጫውትዎ ይፍቀዱልኝ።

ሀምዲያ ሙሐሲን እባላለሁ። ከገበያው ጀርባ ያለው፣ ታቹ የቡና መጋዘን፣ ላዩ መኖሪያ የሆነው የጭቃና የእንጨት ፎቅ ቤት ልጅ ነኝ። አባቴ ቤቱን የሠራው ከይርጋጨፌና ከኮቸሬ የሚመጣ ቡና እየነገደ ነበር። ዛሬ እሱ የለም፤ እናቴ ወይዘሮ ሀዲጃ ግን አለች። ፎቅ ላይ አለች፤ ደረጃው ከወደቀ ወዲህም አንድ ቀን አልወረደችም። ነገሩን ክቡርነትዎ ሳያውቁት ቀርተው ሳይሆን፣ ሌላውም ሰው አውቆ እንዲያመሰግንዎ ስል በተራ በተራ ልጻፈው።

1ኛ፦ ስለ ግድግዳው አመሰግናለሁ። የጭቃ ቤት በየዓመቱ ካልተመረገ እንደማይቆም በሠፈራችን የማያውቅ የለም። የቡና ግዢው አብቅቶ ፀሐዩ ሲበረታ እናቴ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ጭቃውን ከጭድ ጋር አስረግጣ ትመርግ ነበር፤ የላላው ማገርም ከቡሌ ደጋ በመጣ ቀርከሃ ይተካ ነበር። ቤታችን በቅርስነት ከተመዘገበ ወዲህ ግን መመሪያዎ ይህን ሁሉ «ቅርስን መንካት» ብሎ አገደልን። ባለሙያዎችዎ ግድግዳው ላይ ያለውን የመዳፍ ምልክት አጥንተው «ስማቸው ያልታወቀ የቀድሞ ጠቢባን አሻራ» የሚል ሰሌዳ ሰቀሉበት፤ የመዳፉ ባለቤት ከላያቸው ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ ግን ወጥቶ የጠየቃት የለም። ሰሌዳውን ሳነብላት «ጠቢብ ማለታቸውስ ደግ ነው፤ ያልታወቀ ያሉት እኔን ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ያን ጊዜ ደረጃው ገና አልወደቀም ነበርና እኔም አብሬያት ሳቅሁ።

2ኛ፦ ስለ ደረጃውም አመሰግናለሁ። ሳይመረግ የከረመው ግድግዳ ውሃ ጠጥቶ ሲላላ ደረጃውን የያዘው ምሰሶ ለቀቀና አንድ ማለዳ ደረጃው እንዳለ መጋዘኑ ውስጥ ተዘረገፈ። እናቴ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆነን ተያየን። ጎረቤታችን አናጢው ጴጥሮስ ሥራውን ሁሉ ትቶ አዲስ ደረጃ ሠርቶ አመጣልን፤ የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞችም፣ ለማመልከቻዎቻችን ባላሳዩት ፍጥነት ደርሰው፣ መጋዙን ወሰዱበት። ደረጃውም ከጥንቱ ጋር መመሳሰሉን ባለሙያ መጥቶ እስኪያረጋግጥ ድረስ ግቢያችን ውስጥ በገመድ ታስሮ ታሽጓል። ባለሙያው ከአዲስ አበባ በመምጣት ላይ ናቸው ይባላል። እስከዚያው ዶሮዎቻችን ያድሩበታል፤ ለእነሱ የወጣ መመሪያ እስካሁን የለም።

3ኛ፦ ይህኛውን በምስጋና መጻፍ አቃተኝ። እናቴ ዳሌዋን ታማለች። የሠፈሩ ጎረምሶች አዝለው በመሰላል ሊያወርዷት ሞክረው ነበር፤ መሰላሉ ሲወዛወዝ ጮኸችና መለሷት፤ ከዚያ ወዲህ መሰላል ስታይ ፊቷን ታዞራለች። ምግቧን በዚያው መሰላል የማወጣው እኔ ነኝ። ወንድሜ አሚን ሐዋሳ ሆኖ «ትታችሁ ኑ» ይለናል። ትተን እንዳንሄድ እናቴ አትወርድም፤ ሸጠን እንዳንሄድ መመሪያዎ አያሸጥም፤ ጠግነን እንዳንኖር መጋዙ እናንተ ዘንድ ነው። ክቡርነትዎ፣ እኔ እፈራለሁ። ዝናብ በመጣ ቁጥር ታች ቆሜ የጣውላውን ሲጥሲጥታ አዳምጣለሁ፤ እሷም እንዳልፈራ ብላ ከላይ ታንጎራጉራለች።

አሁን ደግሞ የቅርስ ሕጉ ሊጠናከር ነው ተብለን አዳራሽ ተጠርተን ነበር። ቅጣቱ ይጥበቅ ሲባል ተጨበጨበ። ሽማግሌዎች ለዳኝነት የሚቀመጡባቸው ሶንጎዎች፣ ትክል ድንጋዮቹና የድሮ ሱቆቹ በሙሉ ጥበቃ ይግቡ ሲባል እኔም አጨበጨብኩ፤ ከልቤ ነው። የአባቴ ቤት እንዲፈርስ የምፈልግ እንዳይመስልዎ፤ ስንቱ የድሮ ቤት ለመስታወት ሕንፃ ሲባል ሲናድ አይቼ አልቅሻለሁ። ነገር ግን በረቂቁ ውስጥ «አይነካም» የሚለው አንቀጽ እንዲያ በዝቶ ሳለ፣ ባለቤቱ በለመደው መንገድ እንዲጠግን የሚፈቅድ፣ ፈቃድ የጠየቀ ሰው መቼ መልስ እንደሚያገኝ የሚወስን፣ ዝም ያለውን ሹም ለምን ዝም አልክ የሚል አንድም አጣሁ። እጄን አውጥቼ ይህንኑ ስጠይቅ ክቡርነትዎ ከመድረኩ ላይ «አስተያየቱ በግብዓትነት ተወስዷል» አሉኝ። ወዴት እንደተወሰደ ግን አልነገሩኝም፤ ምናልባት ከጴጥሮስ መጋዝ ጋር አንድ ክፍል ተቀምጦ ይሆናል።

ብዙ አስቆምኩዎት። እጅ ነስቼ ስሰናበትዎ፣ ረጅም ዕድሜ፣ የማያፈስ ጣሪያ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፈለጉ ጊዜ ከቤት የመውጣት ጸጋ ከክቡርነትዎ እንዳይለይ ከልብ በመመኘት ነው።

አክባሪዎ፣ በሕግ የተጠበቀው ቤት ነዋሪ
ሀምዲያ ሙሐሲን
ከመሰላሉ ሥር፣ ዲላ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ነገ ለሚከበረው የቅርስ በዓል እናቴን የክብር እንግዳ አድርገው፣ ሪባን እንድትቆርጥ ስለ ጋበዟት እናመሰግናለን። ጥሪውን ያመጡት ሠራተኛዎ ከታች ቆመው ጮክ ብለው አንብበውላት ሄደዋል። በደስታ ተቀብላለች። በዓሉ ነገ ነው ብላትም አልሰማችኝም፤ ከዛሬ ጠዋት ጀምራ የዒድ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሻሿን አስራ፣ ደረጃው በነበረበት አፍ ላይ ወንበር ስባ ተቀምጣ «መኪናው ገና ነው?» እያለች ትጠይቀኛለች። እባክዎ መኪናውን ሲልኩ ገመዱን የሚፈታ ሰው ይጫኑበት፤ ደረጃውስ ግቢያችን ውስጥ አለ።