ጣሪያ የሌለው ሃያ በመቶ

ለውድ ልጄ ለኮሪን፤ እግርሽን ከእንቅፋት፣ ልብሽን ከስጋት ይጠብቅልኝ። እዚህ በረዶው ገብቷል፤ የአባትሽ መኪና ዘንድሮም አልነሳም ብላለች።

ልጄ፣ ጉድ ልንገርሽ! በዚህ ወር የኢንሹራንስ ሻጮች ስልክ እንደሚያደነቁረን ታውቂያለሽ። እኔም አንዱን «ባሌ ሌስተር ሞቷል፤ ገነት ደውልለት» አልኩት። ለካ ሻጭ አልነበረም! ስለ ሜዲኬር፣ ስለ እኛ ስለ አዛውንቶች የመንግሥት ጤና መድን፣ በነጻ የሚያማክሩት አቶ ሆልምበርግ ኖረዋል፤ አምነውኝ የአባትሽን ቀጠሮ ሰረዙት። ሰው ወደሚያማክሩበት ቤተ መጻሕፍት ሄደን አባትሽ «ሟቹ እኔ ነኝ» ሲላቸው በሳቅ ፈረስን።

ሳቃችን ግን እዚያው ደረቀ። ያለን ሽፋን ከአባትሽ የካንሰር ሕክምና ሰማንያ በመቶውን ብቻ ነው የሚከፍለው፤ ቀሪው ሃያ ከእኛ ኪስ ነው፤ ጣሪያም የለውም! አባትሽ ይህን ቀድሞ ያውቅ ኖሯል። «ቤቱ እንዲተርፍልሽ ሕክምናውን ትቻለሁ» አለኝ።

የዓመት ወጪው ጣሪያ ያለው፣ የእሱንም ሐኪም የሚያካትት ሌላ ሽፋን አለ። ምዝገባው እሁድ ያበቃል። እሱ ግን «ጣሪያውም ቢሆን ቁጠባሽን ይበላል» ብሎ አልፈርምም አለ።

አንቺን እምቢ አይልም። እባክሽ ደውዪለት፤ አትቆጪው፣ የውሸትም ቢሆን ትንሽ አልቅሺበት። ቤቱን ያለ እሱ ምን ላደርገው?

የወጣሽበት ይቅናሽ፣ ጤናሽ ይብዛ።

እናትሽ ቨርና