አስካለ የሌለችበት ፋሲካ

ጸሎተ ሐሙስ

መኪና የለም። ጠዋት መናኸሪያ ስደርስ የትኬት መስኮቱ ተዘግቷል። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድም እንደዚያው። መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ተሳፋሪው ለምዶታል መሰለኝ፣ ብዙም ሳያጉረመርም ተበተነ። እኔ ዶሮዬን በብብቴ ይዤ፣ እንቁላልና ቅቤውን በዘንቢል አንጠልጥዬ ቆሜ ቀረሁ።

ልጄ ሰናይት ባሕር ዳር ነው ያለችው። የመጀመሪያ ልጇን ወልዳለች። ባለቤቴ አስካለ ልታርሳት ሄዳ ሁለተኛ ወሯን ይዛለች። ለክርስትናውም መንገድ ተዘግቶብኝ ቀርቻለሁ። የልጅ ልጄን የማውቀው በስልክ ፎቶ ብቻ ነው። ለፋሲካ ግን እደርሳለሁ ብዬ ነበር።

አንድ የሚኒባስ ሾፌር መኪናው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ይበልጣል ይባላል፣ የባሕር ዳር ሰው ነው። ትናንት ሰው አድርሶ ሊመለስ ሲል ተዘጋበት። መኪናዬን ጥዬ የትም አልሄድም፣ እዚሁ እያደርኩ እጠብቃለሁ አለኝ። ሚስቱና ልጆቹ ለበዓል ይጠብቁታል። ተሰናብቼው ሄድኩ።

ቤተ ክርስቲያን ጉልባን ቀምሼ ቤቴ ገባሁ። ዶሮውን እንጨት ቤት አሰርኩት።

ስቅለት

ስሰግድ ውዬ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሏል። ቤት ደርሼ በሩን ስከፍት «አስኩ» ብዬ ተጣራሁ። ከአፌ ከወጣ በኋላ አፈርኩ።

ኔትወርክ የለም። አራቱንም የግቢውን ጥግ ስልክ ይዤ ዞርኩት። ምንም።

ዶሮው ይጮኻል። ልሸጠው አሰብኩ። ብሸጠውስ በምን ልፈስክ ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ብረት ስበይድ፣ በርና መስኮት ስሠራ ኖሬያለሁ። ሽንኩርት ግን ከትፌ አላውቅም። ለእኔ የፋሲካ ጠዋት ማለት አስካለ ወጡን እንጀራው ላይ አውጥታ፣ እንቁላሉን በእጇ ፈርክሳ ወደ እኔ ስትገፋልኝ ነው። ጠይቄያት አላውቅም። እሷም እስክጠይቃት ጠብቃ አታውቅም።

ዘሃራ በአጥሩ በኩል ዶሮው ምን ሊሆን ነው ብላ ጠየቀችኝ። ጎረቤታችን ናት፣ ገበያ ላይ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ከአስካለ ጋር እንደ እህት ናቸው። እንጃ አልኳት። ነገ ጠዋት እመጣለሁ አለች።

ቀዳም ስዑር

ዛሬ ወጥ ሠራሁ። እኔ!

ዘሃራ የራሷን ቢላ ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ነገሩን ለየችው።

«አያ ሙሉጌታ፣ ዶሮውን አልነካልዎትም፤ የእናንተ እርድ ነው። ሽንኩርቱን ግን አብረን እናደርሰዋለን። ዶሮው እስኪገባ ድረስ ሁለታችንም መቅመስ እንችላለን።»

ከተፍን። ዓይኔ ፈሰሰ፤ ብየዳ እንኳ እንዲህ አያደርገኝም። ያለ ዘይት ያቁላሉ አለች። ማማሰያውን ባስቀመጥኩ ቁጥር ትቆጣኛለች። እኔ በስሏል ስል፣ ገና ነው። እኔ አረረ ስል፣ ገና ነው። ዘይትና በርበሬው ገብቶ ሲንተከተክ ሁለታችንም በእጃችን መዳፍ ላይ ጠብ አድርገን ቀመስን። «አሁን የአስካለን መሰለ» አለችና እጇን ታጥባ ሄደች። በርበሬውማ የአስካለ ነው፤ ሳትሄድ በፊት አስፈጭታ ያስቀመጠችው።

ዶሮውን አርጄ፣ ነጭቼ፣ ብልቱን ማውጣት ላይ ተሸነፍኩ። ከየት እንደሚጀመር አላውቅም። ልክ ያኔ ስልኩ ጮኸ። አስካለ ናት። ሰላምታ እንኳ በወጉ ሳንለዋወጥ ምን እያደረግሁ እንደሆነ ነገርኳት። ከዚያ መገጣጠሚያውን በጣትህ ፈልገህ ቁረጥ፣ አጥንቱን እንዳትሰብረው አለችኝ። ልጁ ሲያለቅስ ከኋላ ይሰማኛል። ደህና ነው ወይ ልላት ስል መስመሩ ተቋረጠ።

እንደምንም ቆራረጥኩት። አንዳንዱ ብልት ስም የለውም። በሎሚ አጠብኩ፣ ቅቤውንና እንቁላሉን ጨመርኩ። ከዚህ በኋላ ቀማሽ የለም። ዘሃራ በእርዱ፣ እኔ በጾሙ። ጨውን በግምት።

ፋሲካ

ከቅዳሴ ስመለስ በትልቁ ትሪ አቀረብኩ። ትልቁ መሆኑን ያየሁት ከተቀመጥኩ በኋላ ነው። ጸለይኩ፣ አንድ ጎረስኩ። ጨው አነሰው። ሁለተኛውን መጉረስ አልቻልኩም። ወጡ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ዙሪያዬን ሳይ ባዶ ወንበር ብቻ ነው። ከድኜው ተኛሁ።

ጠዋት ለዘሃራ ዳቦ ወሰድኩላት፤ አስካለ ሁልጊዜ ትሰጣት ነበር። የእኔ ከዳቦ ቤት የተገዛ ነው። ተቀብላ መረቀችኝ።

ከዚያ እግሬ ወደ መናኸሪያ ወሰደኝ። ይበልጣል ጋቢናው ውስጥ ኩርምት ብሎ ተኝቷል። መስታወቱን አንኳኳሁ። በሻይና በዳቦ ነው የፈሰክሁት አለኝ። ቤት መጥቶ እንዲበላ ጋበዝኩት። እምቢ ይላል ብዬ ነበር፤ መኪናውን ቆልፎ ተከተለኝ።

ወጡን አሞቅሁ። አንድ ጎርሶ ቀና ብሎ አየኝ። ጨው እንደሚያንሰው ለመናገር እንዳፈረ ገባኝ። ራሴ ጨው አመጣሁ። ከዚያማ በላን። አጎረስኩት፣ አጎረሰኝ። ስም የሌላቸው ብልቶች እኩል ጣፈጡ። የሚስቱ ወጥ ቀጭን ነው፣ እሷ ግን ወፍራም ነው ትላለች ብሎ አሳቀኝ። በልቶ እንደጨረሰ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ ጣለው። አልቀሰቀስኩትም። ቤቱ ውስጥ ሰው ሲተነፍስ እየሰማሁ ቁጭ አልኩ።

ሰኞ

ዛሬ ኔትወርክ ለረጅም ጊዜ ነበር። አስካለን አገኘኋት። እየተኩራራሁ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሽንኩርቱን፣ ዘሃራን፣ ብልቱን። ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቻለሁ።

ቀጥላ ሰናይት ሥራ ልትገባ መሆኑን ነገረችኝ። «አንተ ራስህን ከቻልክ፣ እስከ ክረምቱ መውጫ ልቆይላት እንዴ?»

ደስታዬ ሁሉ ውኃ ሆነ። ወጡ እኮ አሮብኝ ነበር ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ግን ውሸት አልወጣልኝም።

«ወጥ መሥራቱን ችያለሁ» አልኳት። «ብቻዬን መብላቱ ነው ያቃተኝ።»

የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ ሰከንዱን ይቆጥራል።

«እኔም ትናንት ሁሉም ሲበላ ጓዳ ገብቼ ቆሜ ነበር» አለች።

አብረን ስንኖር እንዲህ ዓይነት ነገር ተባብለን አናውቅም። ትምጣ ወይስ ትቆይ ሳንጨርስ ልጁ አለቀሰና ሄደች።

ማክሰኞ

ይበልጣል ወደ ማታ መጣ። መንገዱ ነገ ይከፈታል ይባላል፣ ጋቢናውን ይዤልዎታለሁ አለኝ። እርግጥ ነው ወይ አልኩት። ይባላል አለ። መንገድ ላይ ሐሙሲት ከተማ የሚያስቆሙን ከሆነ እዚያው አድረን እንጠብቃለን ወይም እንመለሳለን።

እሄዳለሁ። ትምጣ አላልኩም፣ ትቆይም አላልኩም። እኔ ግን እሄዳለሁ።

የቤቱን ቁልፍ ለዘሃራ ሰጠሁ። ጋቢዬን አጣጠፍኩ። ለልጁ ምን እንደሚወሰድለት አላውቅም፤ ዘሃራ ከሱቋ ነጭ ለስላሳ ጨርቅ ቆርጣ ሰጥታኛለች።

ኔትወርኩ ደግሞ ጠፍቷል። አስካለ እንደምመጣ አታውቅም። ልብሴን እንደለበስኩ ልተኛ ነው።