ትርፍ ቃል

ይድረስ ለምወድሽ እትዬ፤ እንዴት ከርመሽልኛል? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ደህና ነኝ።

በሰው አገር እንግሊዝኛ ማስተማር ቀላል እንዳይመስልሽ። ቀጣሪዎቹ "አፍ የፈታሽበት ካልሆነ" እያሉ በር ይዘጉብኛል። ጽሑፍ ማረሙም አልፎ አልፎ ነው የሚገኘው። አሁን ግን አንድ ዳቦ ጋጋሪ ማስተማር ጀምሬያለሁ፤ ደብተሩን በዱቄት እጁ ነጭ በነጭ ያደርገዋል። ያለፈ ጊዜና የአሁን ጊዜ ይምታታበታል። በቀደም እናቱ ሒሳብ መቀበያው ጋ ተቀምጣ እያየችን፣ በእንግሊዝኛ "እናቴ ደግ ነበረች" አለኝ። "ኧረ 'ደግ ናት' በል፣ አጠገብህ ቁጭ ብላ!" ስለው በሳቅ ፍርስ አለ።

ባለፈው ስንደዋወል አንቺም "እማዬ ሳቅሽን ትወደው ነበር" አልሽኝ። ኔትወርኩ ነው እንዳልል፣ ኔትወርክ ቃል ይቆርጣል እንጂ አይጨምርም። አራሚ ደግሞ ትርፍ ቃል ካገኘ አያርፍም። "እማዬን አቅርቢልኝ" ባልኩሽ ቁጥር ተኝታለች ትይኛለሽ።

በይ እትዬ፣ ሰላም ሁኚልኝ። ልጆቹን ሳሚልኝ። እማዬንም ሳሚልኝ፤ ተኝታ ከሆነ ቀስቅሰሽ።

ታናሽሽ